አሮጌው ኮምፒውተር ገና አልሞተም

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ክትባት አይደለም። በየቤታችን ጥግ ዳንቴል ለብሶ ስለተቀመጠው ኮምፒውተር ነው።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ኮምፒውተሩ ከዚያ በኋላም ይከፈታል፤ ነገር ግን አዲስ የሚገኝ የደኅንነት ቀዳዳ እንደ በፊቱ አይደፈንለትም። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍልና አዲስ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ ብዙ የቆዩ ማሽኖችን አይቀበልም። ስለዚህ በዲላም ሆነ በይርጋጨፌ ያለ ወላጅ፣ ለልጆች ትምህርትና ለቀለብ ያሰበውን የቡና ገንዘብ ለአዲስ ላፕቶፕ ላውጣው ወይ ብሎ መጨነቁ አይቀርም። ኮምፒውተሩን ጭራሽ መተውም አያዋጣም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር እየተሰጠ ነው። ማውዝ ይዞ የማያውቅን ልጅ ፈተና ክፍል ገብተህ ተለማመድ ማለት ግፍ ነው።

ሌላ መንገድ አለ፤ ሊኑክስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ የጀመረው ሲሆን ዛሬ ማንም በነፃ ይጭነዋል። ኮፒ አድርጎ ለጎረቤት መስጠትም ሕጋዊ ነው፤ ክራክ ፍለጋ የለም። በኪሳችሁ ያለው አንድሮይድ ስልክ የተሠራው በሊኑክስ ላይ ነው። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ለአንዳንድ ትምህርት ቤቶቻችን የታደሉት ነጭና አረንጓዴ የሕፃናት ላፕቶፖችም የሚሠሩት በእሱ ነበር። ዓይነቱ ብዙ ነው። ከዊንዶውስ ለሚመጣ ሰው ግን ሊኑክስ ሚንት ይቀላል፤ ሜኑው ከታች በግራ፣ ሰዓቱ ከታች በቀኝ ነው። 2 ጊጋባይት ራም ያስነሳዋል፤ 4 ቢሆን ይመረጣል።

ሰው ሊኑክስን ጭኖ በሳምንቱ የሚመልሰው አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ እምቢ ብሎት አይደለም። እጁ የለመደውን ስለሚያጣ ነው። መድኃኒት የተቀየረለት ታካሚም የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያማርራል። መፍትሔው ኮምፒውተሩን በቤቱ ውስጥ ዓይኑ ለደከመውና እጁ ለዘገየው ሰው በሚመች መንገድ ማስተካከል ነው። ለአያት የተመቸ ለልጅ አይከብድም።

መጀመሪያ ፊደሉን አሳድጉት። በሴቲንግ ውስጥ የጽሑፍ መጠን መጨመሪያ አለ፤ ያለ መነጽር ማንበብ እስኪቻል ድረስ ከፍ ይበል። ቀጥሎ በየቀኑ የምትፈልጓቸውን ነገሮች ብቻ ከታች ባለው መስመር ላይ ደርድሩ፤ ኢንተርኔት፣ ፎቶ፣ ጽሑፍ። ሌላው ሜኑ ውስጥ ይቆይ። ለልጆች አስተዳዳሪ ያልሆነ የራሳቸው መግቢያ ክፈቱላቸው፤ ያለ ወላጅ የይለፍ ቃል የኮምፒውተሩን ፕሮግራሞች ማጥፋት አይችሉም። ታይምሺፍት የሚባለውንም አስጀምሩት፤ አንድ ነገር ቢበላሽ ሥርዓቱን ወደ ደህናው ቀን ይመልሰዋል።

አማርኛ ለመጻፍ አይባስ የሚባል መሣሪያ አለ። የቃሉን ድምፅ በላቲን ቁልፎች ስትመቱ ግዕዙን ያወጣላችኋል፤ በአቋራጭ ቁልፍም ወደ ላቲን ይመለሳል። ይህ ለጌዴኦ ቤት ይጠቅማል፤ ልጁ ጌዴኡፋን በላቲን፣ አማርኛን በግዕዝ ይጽፋልና። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደል ሰንጠረዥ ውስጥ ስለገባ፣ በዚያ የተጻፈ ሁሉ በሊኑክስም ይነበባል። በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ደብዳቤ ግን ፎንቱ ከሌለ የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ከመሸጋገራችሁ በፊት ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት።

ዎርድና ኤክሴልን የሚተካው ሊብረኦፊስ ነው። የቆዩ ፋይሎቻችሁን ይከፍታል፤ አንዳንድ ሠንጠረዥ ግን ቦታውን ሊስት ይችላል። ልጃችሁ በፒችትሪ ሒሳብ የሚሠራ ከሆነ፣ ፒችትሪ የዊንዶውስ ነውና ሁለቱን ሥርዓቶች ጎን ለጎን ማስጫን ይሻላል።

ስለ ቫይረስም አንድ ነገር ልበል። ከሕትመት ቤት ወደ ሕትመት ቤት የሚዞር ፍላሽ፣ ሳይቀቀል ከሰው ወደ ሰው እንደሚዞር መርፌ ነው። ለዊንዶውስ የተሠራ ቫይረስ በሊኑክስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። ሆኖም ፍላሹ ሳይታመም በሽታ እንደሚያስተላልፍ ሰው ሆኖ የጎረቤትን ኮምፒውተር ሊበክል ይችላል። ያልታወቀ ነገር አለመክፈት እዚህም ሕግ ነው።

አጫጫኑ ላይ አትቸኩሉ። ቀድማችሁ የሠርግና የልጆች ፎቶዎችን፣ ሰነዶችንም በሌላ ዲስክ ገልብጡ፤ ዲስኩ ፎርማት ከተደረገ በኋላ መጸጸት አይጠቅምም። የሚወርደው ፋይል 3 ጊጋባይት ገደማ ስለሆነ የሞባይል ፓኬጅ ይበላል፤ ዋይፋይ ካለው ዘመድ ዘንድ በ8 ጊጋባይት ፍላሽ አስጭኑ። ፍላሹ ከተዘጋጀ በኋላ ምንም ሳትጭኑ ከእሱ ብቻ አስነስታችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ድምፁን፣ ዋይፋዩን፣ ፕሪንተሩን ፈትሹ። ሁሉም ከሠራ ጫኑ፤ ካልሠራ ፍላሹን ነቅላችሁ ዊንዶውሳችሁን ታገኛላችሁ። መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት ግን መጫን አትጀምሩ።

ከዚያ አንድ ወር ስጡት። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት፣ ልጅና አያት አብረው ይቀመጡበት። ልጁ ማውዙን ያሳያል፤ አያት ታሪክ ይነግራሉ፣ ልጁ በአማርኛ ይጽፈዋል። በወሩ መጨረሻ የቤተሰቡ ጽሑፍ ይኖራል፤ የልጁም እጅ ይፍታታል። የላፕቶፑ ገንዘብም ለታሰበለት ትምህርት ይቀራል።

መልካም ሳምንት ይሁንላችሁ።