ነባሩ ግንብና አዲሱ ዚንክ

አንድ ታሪካዊ ሕንፃ ለተገልጋዮቹ ሲጠብ አፍርሶ እንደ አዲስ መሥራት አለ፤ ከጎኑ መቀጠልም አለ። መቀጠሉ ከተመረጠ አዲሱ ክፍል ምን ይልበስ የሚለው ጥያቄ ይከተላል። ጥንታዊውን ድንጋይ አስመስሎ ይሠራ ወይስ የራሱን ዘመን መልክ ይያዝ? በአውሮፓ ከተሞች ለዚህ ጥያቄ ደጋግመው ከተሰጡት መልሶች አንዱ ዚንክ ነው።

አማርኛ ተናጋሪው አንባቢ ዚንክ ሲባል ቆርቆሮ ቢታየው አይፈረድበትም። በአዲስ አበባ ሰፈሮች «ዚንጎ» የምንለው ስም ራሱ ከጣሊያንኛው የዚንክ መጠሪያ የመጣ ነው። ሆኖም ቆርቆሮ ብረት ነው፤ ዚንኩ በላዩ የተለበጠ ስስ ሽፋን ብቻ በመሆኑ ሽፋኑ ሲያልቅ ብረቱ ይዝጋል። እዚህ የምንናገርለት ግን ውስጡም ውጪውም ዚንክ የሆነ፣ እጅግ ጥቂት ታይታኒየምና መዳብ የተቀላቀለበት፣ ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ዝርግ ነው። ሲተከል ያብረቀርቃል። ዝናብና ደረቅ አየር ሲፈራረቁበት በላዩ የዚንክ ካርቦኔት ይሠራና ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ ይሆናል፤ ከጉዳት የሚጠብቀውም ይኸው ሽፋን ነው። የፓሪስ ግራጫ ጣራዎች በአብዛኛው ከዚህ ብረት የተሠሩ ናቸው። የዚንክ ጣራ ሠሪዎቿ ሙያም እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል።

በታሪካዊ ሕንፃ ጎን ዚንክ ለብሶ የቆመ ሥራ ሲነሳ የበርሊኑ የአይሁድ ሙዚየም ይጠቀሳል። ነባሩ ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1735 ለፍርድ ቤት የተሠራ፣ ቢጫ ግድግዳና ቀይ ጣራ ያለው ነው። ዳንኤል ሊበስኪንድ ነድፎት እ.ኤ.አ. በ2001 ለሕዝብ የተከፈተው ተጨማሪ ክፍል ደግሞ እንደ መብረቅ የተጣመመና ዙሪያውን ዚንክ የለበሰ ነው። ግድግዳውን እንደ ጠባሳ የሚቆራርጡት መስኮቶች ለዓይን አይመቹም የሚሉ አሉ፤ አለመመቸቱ ግን የታሰበበት ነው፤ ሕንፃው የሚተርከው ታላቅ እልቂትን ነውና። እኛን የሚያስደንቀን ሌላ ነገር ነው። አዲሱ ክፍል የራሱ የጎብኚ መግቢያ የለውም። እንግዳው በአሮጌው ሕንፃ በር ገብቶ፣ ወደ ምድር ቤት ወርዶ፣ ከመሬት በታች ወደ አዲሱ ይሻገራል። ከላይ ሲታዩ ሁለቱ ጎን ለጎን የቆሙ እንግዳና ባለቤት ይመስላሉ።

እ.ኤ.አ. የ1964 የቬኒስ ቻርተርም የሚጠይቀው ከዚህ የራቀ አይደለም። ለጥንታዊ ሕንፃ የሚጨመር ሥራ ከነባሩ ተለይቶ የዘመኑን ምልክት እንዲይዝ ያዛል፤ የሕንፃውን ክብር የሚቀንስ ቅጥያ ግን አይፈቅድም።

ችግሩ የሚመጣው መልኩ ተወስዶ ሙያው ሲተው ነው። ዚንክ በሙቀት ብዙ ይለጠጣል። የ10 ሜትር ዝርግ የሙቀት መጠኑ በ60 ዲግሪ ሲለዋወጥ ርዝመቱ በ13 ሚሊ ሜትር ያህል ይለወጣል። ስለዚህ በምስማር ቸንክረው የሚያስሩት ሳይሆን ወዲያና ወዲህ እንዲንሸራተት በሚፈቅድ ማያያዣ የሚይዙት ነው። ከጀርባው አየር ካላገኘ የታፈነው እርጥበት ነጭ ዱቄት እያበጀ ከውስጥ ይበላዋል፤ ከውጪ የሚያይ ሰው ቀዳዳው እስኪወጣ ድረስ አያውቅም። ያልደረቀ የኖራ ልስንና ጂብሰም ይጎዱታል። ከመዳብ ጣራ የሚወርድ ውኃም እንዲሁ።

ጨው ደግሞ ሌላው ጠላቱ ነው። በዓለም ቅርስነት እ.ኤ.አ. በ2014 የተመዘገበችው ጥንታዊቷ ጅዳ በባሕር ኮራል ድንጋይና በእንጨት የታነጸች ናት። በቀይ ባሕር ዳርቻ ጨው ያዘለ ነፋስ ይነፍሳል፤ የሚያጥበው ዝናብ ግን እምብዛም ነው። በእንዲህ ያለ ስፍራ ዚንክን የሚመክር ባለሙያ ምክንያቱን በደንብ ማስረዳት ይኖርበታል። በእኛ እምነት እዚያ ለቅጥያ የሚሆኑት እንጨትና ኖራ ናቸው።

ከአንባቢዎቻችን መካከል በስደት ሠርተው በሚልኩት ገንዘብ በአገር ቤት መስጂድ የሚያሰፉ አሉና ነገሩ የሩቅ ወሬ አይደለም። ሐረር ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 ስትመዘገብ 82 መስጂዶቿ ተቆጥረውላታል፤ ከእነርሱም ሦስቱ በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠሩ ናቸው። ሐረር ከባሕር ሩቅ ናት፤ የጨው ስጋት የለባትም። ሰጋጁ በዝቶ ቦታ ሲጠብ የማስፋቱ ፍላጎት ተገቢ ነው። የሚያሳስበን ግን ከገበያ የተገዛ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ «ዘመናዊ ዚንክ» ተብሎ በጥንታዊው ግድግዳ ላይ በቀጥታ መቸንከሩ ነው። ግንቡ አንዴ ከተበሳና እርጥበት ከገባው የላኩት ገንዘብ ማስፋፊያ መሆኑ ይቀርና የጥገና ዕዳ ይሆናል።

ገንዘብ ላኪው ከሩቅ ሆኖ ግድግዳውን ሊያይ አይችልም፤ ጥያቄ ግን መላክ ይችላል። የመስጂዱ ኮሚቴ ከሥራ ተቋራጩ ጋር ከመፈራረሙ በፊት ዝርጉ ከምን እንደተሠራ፣ ከጀርባው አየር በየት እንደሚያልፍ፣ ከአዲሱ ጣራ የሚወርደው ውኃ ወደ አሮጌው ግንብ እንዳይፈስ ምን እንደተደረገ፣ ቅጥያው ነባሩን ሳይጎዳ ሊነሳ መቻል አለመቻሉን በጽሑፍ ይጠይቅ። የቅርስ ባለሙያም አስቀድሞ ይየው። መልሱ እስኪመጣ ድረስ ገንዘቡ ባለበት ይቆይ።