ሰሙን ያየን ስንቶቻችን ነን?

በየዓመቱ ለአንደኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪዎቼ ትምህርት በምጀምርበት ሳምንት አንድ ጥያቄ የማቅረብ ልማድ አለኝ። «ሰምና ወርቅ ምንድን ነው?» እላቸዋለሁ። እጁን የማያወጣ የለም። ሰሙ የቃሉ ግልጽ ትርጉም፣ ወርቁ ደግሞ በውስጡ የተሸሸገው ምሥጢር መሆኑን ከሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ ትምህርታቸው ሳይዛነፍ ያስረዱኛል። ቀጥዬ «ሰሙ ሲቀልጥ፣ ወርቁም ሲተካው በዓይኑ ያየ አለን?» ስል ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል።

የዛሬ ሦስት ዓመት አንዲት ተማሪ እጇን ከፍ ካደረገች በኋላ መልሳ አወረደችው። ከክፍለ ጊዜው በኋላ ቢሮዬ መጥታ አባቷ ብር ሠሪ መሆናቸውን ነገረችኝ። «ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» አልኋት። አልመለሰችልኝም፤ እኔም መልሱን አውቀው ስለ ነበር ደግሜ አልጠየቅኋትም። ያደግሁት ከፒያሳ ወርቅ ቤቶች ጀርባ በነበረች በአጎቴ ጠባብ መሥሪያ ውስጥ ሲሆን፣ በትምህርት ቤት ግን የአሳዳጊዬን ሥራ ስጠየቅ «ነጋዴ» እል ነበር። ይህንን ስጽፍ ዕድሜዬ ከአርባ አልፏል፤ ውሸቱ ግን ዛሬም ይቆጠቁጠኛል።

አባቶቻችን ባለእጁን «ጠይብ» ሲሉት ቃሉ የመጣው «ጠቢብ» ከሚለው መሆኑን ብዙ ሰው ያውቃል። ጥበበኛ የተባለው ሰው በዚያው አፍ ቡዳ ተብሏል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል፤ አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ቢያልፍም የዚያች ተማሪ እጅ በክፍል ውስጥ ዝቅ ከማለት አልዳነም። የቅኔ መምህሮቻችን የጥበባቸውን ስም የወሰዱት ከአንጥረኛው መሥሪያ ነው። ስሙን ወስደን ሠሪውን ከበራፍ መለስነው።

ይሁንና ይህን የምጽፈው ስለ ክብር ለመስበክ ብቻ አይደለም። አቤቱታዬ የፊዚክስ መምህር አቤቱታ ነው። ተማሪዎቻችን የገጽ ውጥረትን፣ የቁስ ሽግግርንና የሙቀት ፍሰትን ከውጭ አገር መጻሕፍት ሥዕል ሲያጠኑ፣ እነዚህ ሁሉ በአንዲት ክፍል ውስጥ በአንድ ቀን የሚታዩበት ቤት ከዩኒቨርሲቲያችን በር ብዙም ሳይርቅ ይገኛል። እኛ አንገባም፤ እነርሱም አይጠሩንም።

እስቲ አንድ ቀለበት ሲሠራ እንከተለው። ደንበኛዋ የምትፈልገውን በቃል ታስረዳለች፤ ሠሪው በወረቀት ይነድፋል፤ የጣቷን ልክ ይወስዳል። ከዚያም ከጠንካራ ሰም ቀለበቱን በትንሽ ቢላና በሞረድ ይቀርጻል። መሥሪያውን የወረሰው የአጎቴ ልጅ ዛሬ ንድፉን በኮምፒውተር ሠርቶ ሰሙን በማሽን ያሳትማል፤ የአጎቴን የእጅ ሰም የለመደ ዓይን ግን ልዩነቱን ያያል። የሰሙ ቀለበት ካለቀ በኋላ ይመዘናል። «አንድ ግራም ሰም አሥራ ስድስት ግራም ወርቅ ይበላል፤ ብር ከሆነ አሥራ አንድ» ይሉ ነበር አጎቴ። ይህን ከየት እንዳመጡት ስጠይቃቸው «ከአባቴ» ብለውኛል። የሰም እፍግታ፣ ማለትም የአንድ ኩብ ሴንቲ ሜትር ክብደቱ፣ 0.96 ግራም ያህል ነው፤ የ18 ካራት ወርቅ ደግሞ 15.5 ግራም ያህል። አካፍሉት፤ 16 ይመጣል። (መጠነ ቁስ ማለት እንደሚገባኝ አውቃለሁ፤ በወርቅ ቤት ግን ሁሉም ክብደት ነው።) ደንበኛዋ ዋጋዋን የምታውቀው ወርቁ ገና እሳት ሳይነካው በዚህ ስሌት ነው።

ቀጥሎ ሰሙ በጀሶና በሲሊካ ቡኮ ይሸፈናል። በድሮው ጊዜ ይህ የጭቃ ሥራ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያን መስቀሎችም በዚሁ መንገድ ተቀርጸዋል። ቡኮው ከደረቀ በኋላ በምድጃ ውስጥ ቀስ በቀስ እስከ 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ይሞቃል፤ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ የቀረውም ይቃጠላል። በቦታው የቀለበቱ ባዶ ቅርጽ ብቻ ይቀራል። አጎቴ ምድጃው ገና በሚግልበት የመጀመሪያ ሰዓታት ማንም እሳቱን እንዳይነካ ይከለክሉ ነበር። እኔ የሽማግሌ አጉል ልማድ ይመስለኝ ነበር። ክሪስቶባላይት የተባለው የሲሊካ ዓይነት ከ200 እስከ 270 ዲግሪ ባለው ክልል የክሪስታል አወቃቀሩን በድንገት ለውጦ እንደሚነፋ፣ በዚያች ቅጽበት እሳት የጨመረ ሰውም ቅርጹን እንደሚሰነጥቅ የተማርሁት ከአገር ውጭ፣ በዶክትሬት ጥናቴ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው። ይኸው መነፋት ደግሞ ይጠቅማል፤ ወርቅ ከረጋበት ሙቀት እስከ ክፍሉ ሙቀት ሲበርድ በርዝመቱ ከ1 በመቶ በላይ ይኮማተራልና፣ የቅርጹ መስፋት ከዚያ ጥቂቱን ያካክሰዋል።

አሁን ወርቁ ይፈስሳል። ንጹሕ ወርቅ በ1064 ዲግሪ ይቀልጣል። እዚህ ላይ ተማሪዎቼ ሁልጊዜ የሚሳሳቱት ነገር አለ፤ ፈሳሽ ስለሆነ በራሱ ክብደት እንደ ውኃ ወደ ቀዳዳው ሁሉ የሚገባ ይመስላቸዋል። የቀለጠ ወርቅ የገጽ ውጥረት በአንድ ሜትር 1.1 ኒውተን ያህል ሲሆን፣ ይህም ከውኃ 15 እጥፍ ነው። ቅርጹን ስለማያርሰውም በጠባብ ቀዳዳ አፍ ላይ እንደ ጤዛ ተድቦልቡሎ ይቆማል። ውፍረቱ 0.2 ሚሊ ሜትር በሆነ የጌጥ ክር ውስጥ እንዲገባ ለማስገደድ 22 ሺህ ፓስካል ያህል ግፊት ያስፈልጋል። 3 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የቀለጠ ወርቅ በክብደቱ የሚሰጠን ግን 5 ሺህ ፓስካል ብቻ ነው። እንግዲህ አንጥረኛው ምን ያደርጋል? በአንድ ክንድ ጫፍ ላይ ቅርጹንና ማቅለጫውን አያይዞ በጠምዛዛ ብረት ኃይል ያሽከረክረዋል። ክንዱ 25 ሴንቲ ሜትር ሆኖ በደቂቃ 300 ጊዜ ቢዞር፣ ወርቁ ከምድር ስበት 25 እጥፍ በሆነ ኃይል ወደ ውጭ ይገፋል፤ 5 ሺሁ ፓስካል ከ120 ሺህ በላይ ይሆናል። ጌጡም እስከ መጨረሻው ክር ድረስ ይሞላል። የፈተና ጥያቄ አድርጌ አውጥቼዋለሁ፤ ቁጥሩን ብዙዎች አገኙት፣ ለምን እንደሚዞር በአንድ ዓረፍተ ነገር የጻፉት ግን ጥቂቶች ናቸው።

«አፉ ከሆዱ ይወፍር» የሚለው የአጎቴ ሕግም እንዲሁ ነው። ወርቁ የሚገባበት ቦይ ከጌጡ ቀጥኖ ከተሠራ ቀድሞ ይረጋል፤ ጌጡ እየረጋ ሲኮማተር የሚመግበው ፈሳሽ አጥቶ ውስጡ ይቦረቦራል። ስለ መዶሻውና ስለ ሽቦው በአጭሩ ልለፍ፤ ብር ሲቀጠቀጥ የሚደነድነው፣ በእሳት ግሎ የሚለሰልሰው በክሪስታሉ ውስጥ ባሉ የመስመር ጉድለቶች መንቀሳቀስና መተሳሰር ምክንያት እንደሆነ ቴይለር፣ ኦሮዋንና ፖላኒ በየፊናቸው በ1934 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል። እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ አራት ዓመት አጥንቼ የመመረቂያ ጽሑፍ አቅርቤአለሁ። አጎቴ መዶሻው ከመስፉ ላይ ሲነሣ ከሚሰጠው ድምፅ ያውቁት ነበር።

ጥገና ከሁሉ ይከብዳል፤ የመሥሪያ ቤት ችሎታ የሚለካውም በእርሱ ይመስለኛል። አዲስ ጌጥ ሲሠራ ሠሪው ሁሉን ከመጀመሪያው ያውቃል፤ የተሰበረ ጌጥ ሲመጣለት ግን ማን እንደሠራው፣ ምን እንደተቀየጠበት አያውቅም። ብር ሙቀትን አስተላላፊ ከሆኑት ብረቶች ሁሉ ቀዳሚው ነውና፣ በስንጥቁ ላይ ብቻ እሳት የሚያበራ ጀማሪ ሙቀቱ ወደ ቀለበቱ ሁሉ ሲሸሽበት ያያል፤ ስለዚህ መላውን ጌጥ ማሞቅ ይኖርበታል። ፈርጥ ካለው ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ስሙ የገነነው የወሎ ኦፓል በውስጡ ውኃ የያዘ ድንጋይ ነው፤ እሳት ሲቀርበው ውኃው ይለቅቃል፣ ድንጋዩም ይሰነጠቃል። በመሆኑም ከብየዳ በፊት ፈርጡ ከነቤቱ ሳይጎዳ መነቀል አለበት። ይህን ሥራ በመሥሪያችን የሚሠሩት የአጎቴ ባለቤት ነበሩ፤ እጃቸውን አምኖ ከሌላ ሱቅ የሚመጣ ሰው እንደ ነበር አስታውሳለሁ።

መሥሪያውን እያመሰገንሁ ብቻ ብጨርስ ግን አንባቢዬን እንዳታለልሁ ይቆጠራል። ብየዳ ከጌጡ ቀድሞ መቅለጥ ስላለበት ሠሪዎች ለዘመናት ካድሚየም ቀላቅለውበታል፤ ካድሚየም የብየዳውን መቅለጫ ዝቅ ያደርጋል፣ አፈሳሰሱንም ያሳምራል። ነገር ግን በ767 ዲግሪ ይፈላል፤ ችቦው ትንሽ ከበዛበት በቡናማ ጢስ መልክ ይነሣል፤ ጢሱም ሳንባንና ኩላሊትን ይጎዳል። የአውሮፓ ኅብረት ካድሚየምን በጌጣጌጥና በብየዳ ዘንግ ውስጥ መጠቀምን በ2011 እ.ኤ.አ. ያገደው በዚህ ምክንያት ነው። እኔ ይህንን በተማርሁበት ላቦራቶሪ በር ላይ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ተለጥፎ ነበር። በየሁለት ዓመቱ ለዕረፍት ስመጣ አጎቴ መስኮት በሌላት ክፍል ውስጥ ጎንበስ ብለው ሲበይዱ፣ ሲያስሉም አያለሁ፤ አጠገባቸው ተቀምጬ ስለ አውሮፓ በረዶ አወራቸው ነበር። ስለ ጢሱ አንድም ቀን አላነሣሁም። ያወቅሁት ነገር የጽሑፍ ጉዳይ ሆኖ፣ የእርሳቸው ጢስ ደግሞ የቤት ጉዳይ ሆኖ ሁለቱ በጭንቅላቴ ውስጥ ሳይገናኙ ቀሩ። አጎቴ ከስምንት ዓመት በፊት አረፉ። ሳንባቸውን የጎዳው ያ ጢስ ነው ለማለት ማስረጃ የለኝም፤ ሲጋራም ያጨሱ ነበር። አለመናገሬን ግን በሲጋራ ላላክክ አልችልም።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። የፊዚክስና የኬሚስትሪ ተማሪዎቻችን ቢያንስ ጥቂት ሳምንታት በእነዚህ መሥሪያዎች ይቀመጡ፤ ለጉብኝት ሳይሆን ለሥራ። ላቦራቶሪዎቻችንም የብየዳ ናሙና ይዞ ለሚመጣ አንጥረኛ በራቸውን ይክፈቱ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ስነግረው «ዩኒቨርሲቲ የሙያ ትምህርት ቤት አይደለም» አለኝ። ባልደረባዬ ያሰበው ለአንጥረኛው ስለሚደረግ ውለታ ይመስለኛል፤ እኔ የምከራከረው ግን ለተማሪው ነው። የገጽ ውጥረትን በእጁ ያላየ ተማሪ ቀመሩን ከፈተና ማግሥት ይረሳዋል። ጊዜውም እየጠበበ ነው። የአጎቴ አሮጌ ሰፈር በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል፤ የአጎቴ ልጅ ወደ ሌላ ክፍለ ከተማ ተዛውሮ ይሠራል፤ ከእርሱ ልጆች መዶሻ ያነሣ የለም።

ባለፈው ዓመት ማንንም ሳላስፈቅድ አራት ተማሪዎችን በቅዳሜ ቀን ወደ እርሱ ወስጄ ነበር። ያቺ እጇን ያወረደችው ተማሪ አንዷ ናት። በመጀመሪያው ወር ከአሮጌ ማሽን በተነቀለ ሞተር የጢስ መሳቢያ ሠርተው ከመበየጃው ጠረጴዛ በላይ ሰቀሉለት። ከዚያ የእናቴን አምባር ይዤ ሄድሁ፤ ማጠፊያው ላልቶ ነበር። ተማሪዎቹ በአየር ላይ ሲመዝኑት 30.4 ግራም፣ በውኃ ውስጥ አንጠልጥለው ሲመዝኑት 28.4 ግራም ሆነ። እፍግታው 15.2 ነው፤ እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ከነገረችን 18 ካራት ዝቅ ይላል። ተማሪዎቹ ተያዩ፤ ልጅቱ በኀፍረት ወደ እኔ ተመለከተች።

የአጎቴ ልጅ አምባሩን ተቀብሎ በመፈተኛ ድንጋዩ ላይ በሦስት ቦታ አሸት አሸት አደረገው፤ አሲድ ጠብ አደረገበት። «ወርቁ ወርቅ ነው» አለ። «የሚጎድለው ማጠፊያው ጋ ነው፤ ወፍራም ብየዳ አለበት፤ ሚዛናችሁ እርሱን ጨምሮ ነው የለካው።» ማጠፊያውን ወደ መብራቱ አስጠግቶ ጥቂት ካየው በኋላ «የአባባ እጅ ነው» አለኝ። ጋዙን ከማቀጣጠሉ በፊት እጁን ሰድዶ የጢስ መሳቢያውን አበራው።