ፍርዱ አለቀ፣ ደሙ ግን አልደረቀም

ወገኖቼ፣ ዛሬ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ታገሡኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሊማሊሞ ሥር መጥቶ ደባርቅ ቤት ተከራይቶ የሚማር ተማሪ ነበረኝ። የገጠር ተማሪ እንደምታውቁት ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቱ ወርዶ የሳምንት ስንቁን፣ ዳቦውንና በሶውን ይዞ ይመለሳል። ይሄ ልጅ ግን አይሄድም። ብጠይቀው ዝም። በኋላ ጓደኞቹ ነገሩኝ። አጎቱ በእርሻ ድንበር ተጣልቶ ሰው ገድሏል፤ ተፈርዶበት ወህኒ ወርዷል። በመንግሥት በኩል መዝገቡ ተዘግቷል። የልጁ መንገድ ግን የሚያልፈው በሟች ዘመዶች መንደር ነው። ደም መላሽ ደግሞ ገዳዩ ታሰረ ብሎ አይተውም፤ ከወገኑ ወንድ ይፈልጋል።

እስቲ ይሄን የትኛው ዳኛ ይፈታዋል? የወንጀል ሕጉ ገዳይን ይቀጣል እንጂ ሁለት ቤተሰብ አያስታርቅም። ቄሱ መስቀል ይዞ፣ የገዳይ ወገን ድንጋይ ተሸክሞ ተንበርክኮ፣ ካሳ ተቆርጦ፣ ሁለቱም ተማምለው ደሙ ሲደርቅ ነው ልጅ በሰላም ቤቱ የሚገባው።

ሽምግልናን የማወድሰው ግን ዓይኔን ጨፍኜ አይደለም። እኛ ዘንድ እርቅ ሲወርድ ምስክርም አብሮ ይጠፋል። ትናንት "በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ" ያለው ሰውዬ ፍርድ ቤት ሲቀርብ "መሽቶ ነበር፣ አልለየሁትም" ይላል። ዐቃቤ ሕጉ ባዶ እጁን ይቀራል። ምስክሩ ክፉ ሆኖ እኮ አይደለም፣ ዝም ሊል ምሎ ነው።

የባሰው የጠለፋ ነገር ነው። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ልጅቱን ካገባት ከክስ ይድን ነበር። የ1996ቱ ሕግ ያንን በር ዘግቶታል። አንዳንድ ሽማግሌ ግን ዛሬም በጓሮ በኩል ይከፍተዋል፤ "ከሆነ ወዲህ ካሳ ይክፈልና ያግባት" እያለ። እሷን ማን ጠየቃት? ዛፉ ሥር ከተቀመጡት መሀል አንዲት ሴት የለችም።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ላይ በባህል መዳኘትን የፈቀደው ለግልና ለቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ ያውም ተከራካሪዎቹ ከተስማሙ። ኦሮሚያ በ2013 ዓ.ም. የባህል ፍርድ ቤቶችን በአዋጅ አቋቁሟል። እኔ ግን ለኛ የግድ ሌላ ፍርድ ቤት ያስፈልጋል አልልም። መሐላው ይቀየር ነው የምለው። ሽማግሌዎቹ "አትመስክር" ብለው ከማስማል "እውነቱን ተናገር፣ ደም ግን አትመልስ" ብለው ያስምሉ። እርቁ ተጽፎ መዝገቡ ላይ ይያያዝ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ከልብ መጸጸትንና ጉዳትን መካስን ቅጣት ማቅለያ አድርጎ ይቀበላል፤ እንግዲህ ለታረቀ ሰው ሲባል መዋሸት ለምን? ጠለፋና ያለዕድሜ ጋብቻ ላይ ግን ሽማግሌ እጁን ያንሳ፣ ድርድር የለውም።

ያ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ጎረቤት ስንቅ እያመጣለት ተማረ። ክረምት ላይ ሽማግሌ ገባ ሲባል ሰማሁ፤ መታረቃቸውን ግን አልሰማሁም።

ዳባትም ሆነ ደባርቅ በዳኝነትና በዐቃቤ ሕግነት የምትሠሩ፣ የእርቅ ጽሑፍ መዝገብ ላይ ተያይዞ ያያችሁ ካላችሁ እንዴት እንደተሠራ እዚሁ ሥር ጻፉልን።