በ45 ዓመት የመጣ ጥሪ

ባለፈው ሰኔ አንድ አንጋፋ የሥራ ባልደረባችን ጡረታ ወጡ። እንደ ወጉ ቡና ተፈላ፣ ድፎ ዳቦ ተቆረሰ፣ ጋቢና የግድግዳ ሰዓት ተሰጣቸው። «እስቲ አንድ ነገር ይበሉን» ሲባሉ ተነሡና እንዲህ አሉ፦ «ልጆች፣ 33 ዓመት እዚህ ቤት ገባሁ ወጣሁ። ሳንቲም አላጎደልኩም፣ ሰው አልበደልኩም። ግን ፈጣሪ ለምን እንዳመጣኝ ሳላውቅ 60 ሞላኝ።»

እኛ ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም። ጋቢያቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እኔም 46 ሞልቶኛል። 20 ዓመት በላይ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። 14 ዓመት ቆይቼ እኔም ያንኑ ጋቢና ያንኑ ሰዓት ተቀብዬ ያንኑ ቃል እናገር ይሆን? ዛሬ ስለዚህ ጉዳይ ልጽፍ የተነሣሁት ጥያቄው የእኔና የሳቸው ብቻ ስላልመሰለኝ ነው።

በ18 ዓመት የሚዘጋ በር

እኛ አገር የሰው ዕጣ የሚቆረጠው በ18 ዓመቱ ነው ተብሎ የታመነ ይመስላል። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ከመቶ ሦስት ያህሉ ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም እናስታውሳለን። የቀሩት 97ቱ ምን ተባሉ? በየቤቱ ምን እንደተባሉ የምናውቀው እኛው ነን። «አለቀለት» ተባሉ። ገና ጢም ያላወጣ ልጅ «አለቀለት» ይባላል!

በሌላው ጫፍ ደግሞ ከ40 በላይ ያለው አለ። የሥራ ማስታወቂያው «ዕድሜ ከ35 ዓመት በታች» ይለዋል። ዘመድ «አሁንማ ልጆችህን አሳድግ» ይለዋል። እሱም ራሱን «አልፎብኛል» ይለዋል። በእነዚህ በሁለቱ መሐል ጊዜው ሲታሰብ ሰው ምን እንዲሆን እንደተፈጠረ የሚፈልግበት የተፈቀደለት ዕድሜ ሃያ ዓመት እንኳ አይሞላም።

ሃይማኖቶቻችን ግን እንዲህ አይሉም። ሙሴ ፈርዖን ፊት ሲቆም የ80 ዓመት ሽማግሌ ነበር። ከዚያ በፊት የነበረው ረጅም ዘመን በምድረ በዳ የአማቱን በጎች በመጠበቅ ያለፈ ነው። ነቢዩ መሐመድ የመጀመሪያው ራእይ ሲመጣላቸው 40 ዓመታቸው ነበር፤ እስከዚያ ድረስ በታማኝነታቸው የታወቁ ነጋዴ ነበሩ። በየሳምንቱ በመስጊዱም በቤተ ክርስቲያኑም ይህንን እየሰማን፣ ቤታችን ስንገባ 30 ያለፈውን ሰው «ጊዜህ አልፏል» እንላለን።

የግሸኗ መንገደኛ

ከሩቅ ዘመን ወጥተን ብዙዎቻችን በአካል ወደምናውቃቸው ሴት እንምጣ። ወይዘሮ አበበች ጎበናን ማለቴ ነው።

የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1935 በሰላሌ ነው። አባታቸው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ሲሞቱ እሳቸው ገና ጨቅላ ነበሩ። አያቶቻቸው አሳደጓቸው። በ10 ዓመታቸው ያለ ፈቃዳቸው ቢዳሩም ጠፍተው አዲስ አበባ ገቡ። እዚያ እንደምንም ፊደል ቆጠሩ፣ ሥራ ያዙ፣ በቡናና በእህል ድርጅት ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ሆኑ። ባል አገቡ፣ ጎጆ ቀለሱ። ከገጠር ጠፍታ ለመጣች ልጅ ይህ ትልቅ ስኬት ነው። እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ማንም «ሕይወቷ ጎደለ» አይላትም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1980 ወደ ግሸን ማርያም ተሳለሙ። ግሸን ስትሄድ የምትሄደው ጸሎት አድርሰህ፣ ጠበል ይዘህ፣ በረከት ተቀብለህ ልትመለስ ነው። ሕይወትን የሚገለብጥ ነገር ፍለጋ የሚሄድ የለም። በዚያን ጊዜ ግን ወሎን ድርቅ መትቶት ነበር። ሰው በየመንገዱ ይወድቃል። ወይዘሮ አበበች የያዙትን ጥቂት ዳቦና ጠበል ለራብተኞቹ አካፈሉ። ከዚያ አንዲት ሕፃን የሞተች እናቷን ጡት ስትጠባ አዩ። ሕፃኗን አንሥተው ይዘው መጡ። ሌላም ልጅ ተጨመረ። ዓመት ሳይሞላ ቤታቸው ውስጥ 21 ልጆች ነበሩ።

ያኔ ዕድሜያቸው 45 ገደማ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ጌጣቸውን ሸጡ። እንጀራ እየጋገሩ፣ ጠጅ እየጣሉ እየሸጡ ልጆቹን አበሉ። በስማቸው የተቋቋመው ድርጅት አድጎ ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ከማሳደግ አልፎ ትምህርት ቤት፣ የሙያ ሥልጠና፣ ለችግረኛ ሴቶች ድጋፍ የሚሰጥ ሆነ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ሲያርፉ 85 ዓመታቸው ነበር። «እናታችን» ብለው ያለቀሱላቸውን ልጆች በቴሌቪዥን አይተናል።

ጥሪው ሲመጣ ምን ይመስላል?

እኔን የገረመኝ የሥራው ትልቅነት ብቻ አይደለም። የገረመኝ የጥሪው አመጣጥ ነው። ሦስት ነገር ላንሣ።

አንደኛ፣ ጥሪው ድምፅ ሆኖ አልመጣም። ሰማይ አልተከፈተም፤ «አንቺ ለዚህ ተመርጠሻል» ያላቸው ሰውም አልነበረም። የመጣው የራበው ሕፃን ሆኖ ነው። ዛሬ በየአዳራሹ፣ በየቲክቶኩ «ጥሪህን ልንገርህ» የሚል ሰው ሞልቷል። ከፊሉ በእግዚአብሔር ስም፣ ከፊሉ በሥነ ልቦና ስም። ቲኬት ይቆረጣል፣ ስጦታ ይጠየቃል፣ ወጣቱ ሞቅ ብሎት ይወጣል፤ ማክሰኞ ላይ በርዶት ይገኛል። በወይዘሮ አበበች መንገድ ከሄድን ግን ጥያቄው «እኔ ምን ሆኜ ልታይ?» አይደለም። «ዓይኔ ሥር የወደቀው ማን ነው?» ነው።

ሁለተኛ፣ እምነቱ ያደረገው ነገር መንገዱ ላይ ማውጣት ነው። በልማድ ለመሳለም ባይወጡ ኖሮ ያችን ሕፃን አያዩም ነበር። አይተውም በጸሎት ያልለሰለሰ ልብ ቢኖራቸው እንደሌላው መንገደኛ «ጌታ ሆይ ማራቸው» ብለው ያልፉ ነበር። ብዙ ሰው በዚያ መንገድ አልፏል፤ አልፈርድበትም፤ እኔም ብሆን ሳላልፍ አልቀርም። እምነት ለእሳቸው ከችግር መሸሻ አልነበረም። ወደ ችግሩ የሚያስጠጋ ጉልበት ነበር።

ሦስተኛ፣ ያለፈው 45 ዓመት አልባከነም። አባት አልባነትን ያውቁታል። በልጅነት ከቤት መጥፋትን፣ ከተማ ውስጥ ብቻን መሆንን ያውቁታል። ሥራ ላይ የለመዱት የእህል ምርጫና ቁጥጥር ብዙ አፍ ለመመገብ ጠቅሟቸው እንደሚሆን እገምታለሁ። በ20 ዓመታቸው ያችን ሕፃን ቢያገኟት ኖሮ ምን ያደርጓት ነበር? ምናልባት አብረው ይራቡ ነበር። ዘግይቶ የመጣ ጥሪ ብዙ ጊዜ የዘገየው እኛ እስክንበስል ነው።

ዶክተር ካትሪን ሐምሊንንም እዚህ ላይ ማንሣት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1959 ከባላቸው ከዶክተር ሬጅናልድ ጋር አዲስ አበባ ሲመጡ የመጡት የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት ሊያቋቁሙ፣ ለሦስት ዓመት ብቻ በኮንትራት ነው። በሥራቸው ላይ ሳሉ ፊስቱላ ያገኛቸውን፣ ከሰው የተገለሉ እናቶችን አገኙ። የፊስቱላ ሆስፒታሉ ሲከፈት፣ እ.ኤ.አ. በ1974፣ ዶክተር ካትሪን 50 ዓመታቸው ነበር። ሦስት ዓመቱ 60 ዓመት ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2020 እዚሁ አረፉ። እሳቸውም ምእመን ነበሩ፤ እሳቸውንም የጠራቸው በር ላይ የተቀመጠ ሰው ነው።

ግን ጥንቃቄ ያሻል

አሁን አንዳንዶቻችሁ የምትሉትን አውቃለሁ። «ተጠርቻለሁ» ብሎ ደመወዙን ጥሎ፣ ሚስቱንና ልጆቹን ለረሃብ የዳረገ ሰው አናውቅም ወይ? እናውቃለን። በእኔም ሰፈር አለ። «ፈጣሪ ተናገረኝ» ብሎ የሰው ገንዘብ ሰብስቦ መኪና የለወጠም አለ። ስለዚህ ጥሪ የሚለውን ቃል በሰማን ቁጥር እልል ማለት የለብንም።

የወይዘሮ አበበችም ታሪክ ቢሆን ተረት አይደለም። ዋጋ አስከፍሏል። ባለቤታቸው «ወይ እኔን ወይ ልጆቹን» የሚል ምርጫ ባቀረቡላቸው ጊዜ ቤታቸውን ጥለው ከልጆቹ ጋር ወጡ። ይህንን ስናወራ ባልየውን ክፉ ማድረግ ይቀለናል። እኔ ግን ራሴን በእሳቸው ቦታ ሳስቀምጥ አፌ ይያዛል። ከሥራ ስትመጣ ቤትህ በ21 የማታውቃቸው ልጆች ተሞልቶ ብታገኝ ምን ትላለህ? የአንዱ ጥሪ በሌላው ትከሻ ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ ይህንን ሳይደብቁ መናገር ተገቢ ነው።

እንግዲህ እውነተኛውን ከሐሰተኛው በምን እንለይ? እኔ የምለካበት አንድ ቀላል መለኪያ አለኝ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና የገቢና የወጪ መለኪያ ነው። ጥሪው ከመጣ በኋላ ገቢው ለማን ሆነ? ወጪውንስ ማን ሸፈነ? የተጠራው ሰው ጌጡን ሸጦ ሌላው ከጠገበ፣ ጆሮ ልስጠው። ሌላው ጌጡን ሸጦ የተጠራው ከጠገበ፣ ያ ጥሪ ሳይሆን ንግድ ነው። ንግድ ፈቃድ አውጥቶ፣ ግብር ከፍሎ ይሥራ።

ሌላም አለ። ጥሪ ማለት ሥራ መልቀቅ ማለት አይደለም። ልጅ የሚያስተምር፣ የቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው ነገ መልቀቂያ ያስገባ የሚል ምክር የለኝም፤ ይህንን የሚመክራችሁን ሰው የራሱን የቤት ኪራይ ማን እንደሚከፍልለት ጠይቁት። እንጀራችን በአንድ በኩል፣ ጥሪያችን በሌላ በኩል ሊሆን ይችላል። ሐዋርያው ጳውሎስም ድንኳን እየሰፋ ነበር የሰበከው።

ወደ ራሴ ልመለስ

ከዚያ የጡረታ ሽኝት በኋላ ራሴን አንድ ጥያቄ ጠየቅሁ። ዓይኔ ሥር የወደቀው ማን ነው?

መልሱ ሩቅ አልነበረም። የጎረቤቴ ልጅ ፈተናውን ወድቆ ዓመት ሙሉ ደጃፍ ላይ ተቀምጧል። ስገባ ስወጣ «ደህና አመሹ ጋሼ» ይለኛል፤ እኔም «ደህና አመሸህ» ብዬ አልፋለሁ። በየቀኑ። ግሸን መሄድ ሳያስፈልገኝ በየቀኑ ያለፍኩት መንገድ ላይ ነበር። አንድ ቀን ቆሜ «ምንድን ነው የጣለህ?» አልኩት። «ሒሳብ» አለኝ።

ሒሳብ! 20 ዓመት እንጀራ የበላሁበት ነገር።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ሳሎናችን ውስጥ አምስት ልጆች አሉ። ባለቤቴን አስቀድሜ ጠይቄያለሁ፤ እሷም «ጫማቸውን በር ላይ ያውልቁ» ብላ ፈቅዳለች። ይህ ጥሪዬ ይሁን አይሁን አላውቅም። ምናልባት የአንድ ክረምት ሥራ ሆኖ ይቀር ይሆናል። ግን ለብዙ ዓመት ሳልጸልይበት የኖርኩትን ነገር አርብ ማታ እየጸለይኩበት እንደሆነ አስተውያለሁ። «ነገ የማስረዳውን ግለጥልኝ» እላለሁ። ከዚህ በፊት ጸሎቴ «ጠብቀኝ፣ ስጠኝ» ብቻ ነበር።

ጡረታ ለወጡት ባልደረባዬም ስልክ ደውዬ ነገርኳቸው። «እኔ የማውቀው ያረጀ ሒሳብ ነው» አሉኝ። «ክፍልፋይ አያረጅም ጋሼ» አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው «እስቲ ይሁን፣ ይታሰብበታል» አሉ። እስካሁን አልመጡም። አምስት ልጆች ስላሉ ስድስት ወንበር እየዘረጋሁ እጠብቃቸዋለሁ።

ለወጣቶቹ የምለው አንድ ነገር ነው፤ በ18 ዓመታችሁ «አለቀ» ያላችሁን ሰው አትመኑት። ጸሐፊው ራሱ በ46 ገና «ሀ» እያለ ነው። ለእኩዮቼና ለታላላቆቼ ደግሞ፦ ነገ ከቤት ስትወጡ ሁሌ «ደህና ዋላችሁ» ብላችሁ የምታልፉት ማን እንደሆነ ልብ በሉ። አንድ ቀን ቆም ብላችሁ ጠይቁት።

ሐሳባችሁን ከታች ጻፉልኝ። በተለይ ከ40 በኋላ አዲስ መንገድ የጀመራችሁ፣ ተሳክቶላችሁም ሳይሳካላችሁም ከሆነ፣ ማንበብ እፈልጋለሁ።

ቸር እንሰንብት።