ከመጠጥ የተመለሰ ሰውና አዲስ ነጋዴ

ልጆች ሆይ፤ ሁለት ሰዎችን በሐሳባችሁ አስቡ። አንዱ ብዙ ዓመት አረቄ ሲጠጣ ኖሮ ዛሬ የተወ ነው። ሁለተኛው እጁ ባዶ ሆኖ ኖሮ ዛሬ በጥቂት ገንዘብ ሽንኩርት ገዝቶ በእንፍራንዝ ገበያ መሸጥ የጀመረ ነው። ሰዎች የእነዚህ የሁለቱ መንገድ የተለያየ ይመስላቸዋል። ለነጋዴው «እግዚአብሔር ይርዳህ» ብለው ይመርቁታል፤ መጠጥ የተወውን ግን «እስኪ እናያለን» እያሉ ከሩቅ ይመለከቱታል። እኔ ግን የሁለቱ ሥራ አንድ ነው እላለሁ። ስለዚህም ለነጋዴው የምናደርገውን እርዳታ ለሁለተኛውም ልናደርግለት ይገባናል። ምክንያቱን በቅደም ተከተል ስሙ።

በመጀመሪያ፣ ሁለቱም ራሳቸውን ሳያታልሉ መቍጠር ያስፈልጋቸዋል። ነጋዴው በ1000 ብር ንግድ ጀመረ እንበል። በየሳምንቱ ገበያ 100 ብር ያተርፋል፤ ነገር ግን 150 ብር ያወጣል። ኪሱን ሲዳብስ ገንዘብ ስለሚያገኝ የከበረ ይመስለዋል። ነገር ግን በየሳምንቱ 50 ብር ከዋናው ገንዘብ እየጐደለ፣ በ20ኛው ሳምንት ባዶውን ይቀራል። የጠጪው ነገርም እንዲሁ ነው። «አንዲት መለኪያ ብቻ ናት» ይላል። በቀን ሁለት መለኪያ የሚጠጣ ሰው ግን በዓመት 730 መለኪያ ጠጥቷል። ሁለቱንም የሚጥላቸው ጕድለቱ ብቻ አይደለም፤ ጕድለቱን አለመቍጠራቸው ነው። እውነተኛ ሒሳብ ያሳፍራል፤ ነገር ግን ያድናል።

ሁለተኛ፣ የሁለቱም ሥራ የዕለት ሥራ ነው። ከመጠጥ የተመለሰ ሰው «እስክሞት ድረስ አልጠጣም» ብሎ ቢያስብ ሸክሙ ይከብደዋል፤ «ዛሬ አልጠጣም» ቢል ግን ይችለዋል። ነገም ያንኑ ይላል። ነጋዴውም በአንድ ቀን ሱቅ ልክፈት ቢል ዕዳ ይውጠዋል፤ ዛሬ ያተረፈውን ዛሬ ቢያስቀምጥ ግን ይዘልቃል። አባቶቻችን «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት ስለዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ ሁለቱም እንቢ ማለትን መማር አለባቸው። ይህም በእኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። በሠርግና በተዝካር፣ በማኅበርና በክርስትና ቤት ሰው ሰውን በፍቅር ያስጨንቃል። «በሞቴ! አፈር ስሆን! አንዲት ብቻ ቅመስልኝ» ይባላል። የሚለምነው ሰው ክፉ አይደለም፤ መውደዱን መግለጡ ነው። ነገር ግን መጠጥ ለተወ ሰው ያች አንዲት መለኪያ እንደ ተከፈተ በር ናት። ነጋዴውም ዘመዱ መጥቶ «ለዛሬ በዱቤ ስጠኝ» ቢለው ማፈሩ አይቀርም። ለሁሉም በዱቤ የሰጠ ነጋዴ ግን ብዙ ወዳጅ ይዞ ያለ ዕቃ ይቀራል። በትሕትና እንቢ ማለት ጥላቻ አይደለም፤ ራስን መጠበቅ ነው።

አራተኛ፣ ሁለቱም ብቻቸውን አይቆሙም። ይህን በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት፣ አክሮን በምትባል ከተማ የሆነው ነገር ያስረዳናል። በ1927 ዓ.ም. በግንቦት ወር ቢል ዊልሰን የሚባል የኒው ዮርክ ሰው ለንግድ ጉዳይ ወደዚያች ከተማ ሄደ። እርሱ ቀድሞ ብርቱ ጠጪ ነበር፤ መጠጥ ከተወ ገና አምስት ወር ሆኖት ነበር። የሄደበት ጉዳይ ከሸፈ፤ በሆቴልም ብቻውን ቀረ። ከመጠጥ ቤቱ የሰዎች ድምፅ ሲሰማ ልቡ ወደዚያ አዘነበለ። ነገር ግን ወደ መጠጡ በመግባት ፈንታ ስልክ እየደወለ እንደ እርሱ በመጠጥ የተጨነቀ ሰው ፈለገ። በመጨረሻም ቦብ ስሚዝ ከሚባል ቀዶ ሐኪም ጋር አገናኙት፤ ሁለቱም ብዙ ሰዓት ተነጋገሩ። ቢል ያን ቀን ሌላውን ለመርዳት ሲሄድ ራሱን አዳነ። ከዚህም በኋላ ስማቸውን የማይገልጡ የአልኮል ሱሰኞች ማኅበር ተመሠረተ፤ ዛሬም በብዙ አገር ይገኛል።

ከሌሎች ጋር መቆም የሚጠቅም መሆኑን ለማየት ግን ባሕር መሻገር አያስፈልገንም። ከእንፍራንዝ በአዲስ ዘመን በኩል ወደ ወረታ፣ ከዚያም በደብረ ታቦር መንገድ ጥቂት የሄደ ሰው ወደ አውራ አምባ ይደርሳል። ይህን ማኅበር ዙምራ ኑሩ ከጥቂት ሰዎች ጋር በ1964 ዓ.ም. መሠረቱ። በኋላ ተሰድደው እስከ ቦንጋ ሄዱ፤ ሲመለሱም ከእርሻ መሬታቸው የቀረላቸው ጥቂት ነበር። ስለዚህ ሽመናንና ወፍጮን መተዳደሪያ አደረጉ። ከመጠጥና ከጫትም ርቀው ይኖራሉ። እነርሱ ከሱስ የዳኑ ሰዎች ናቸው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን አብሮ መሥራትና ከሚያሰክር ነገር መራቅ ተደጋግፈው እንደሚሄዱ ከእነርሱ እንማራለን። የጋራ ሥራ ያለው ሰው ቀኑ ባዶ አይሆንበትም፤ ባዶ ቀን ደግሞ የመጠጥ ወዳጅ ነው።

አምስተኛ፣ ሁለቱም ይወድቁ ይሆናል። ያ ሐኪም ቦብ ስሚዝ እንኳ ከቢል ጋር ከተገናኘ በኋላ ወደ ሐኪሞች ጉባኤ ሄዶ ሳለ እንደ ገና ጠጥቶ ነበር። ነገር ግን ተነሣ፤ ከሰኔ 3 ቀን 1927 ዓ.ም. ጀምሮም እስከ ሞተበት እስከ 1943 ዓ.ም. ድረስ አልጠጣም። በኮረብታው ላይ ያለውን የጕዛራን ግንብ ተመልከቱ። ግንበኛ ሲሠራ አንድ ድንጋይ ቢወድቅበት ድንጋዩን አንሥቶ ወደ ስፍራው ይመልሳል እንጂ ግንቡን ሁሉ አያፈርስም። በእኛ ዘንድ ግን «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» እንደሚባለው፣ አንድ ቀን የተሰናከለውን ሰው ለመሳደብ ሁሉ ይሮጣል። ስድብም ሰውየውን ወደ ቤቱ አይመልሰውም፤ ወደ አረቄው ቤት ይመልሰዋል እንጂ።

የሁለቱ ልዩነት ግን መታወቅ አለበት። ነጋዴ ቢከስር ገንዘቡ ይጠፋል፤ ጠጪ ቢመለስ ግን ጤናውና ሕይወቱ ይጠፋል። ደግሞም ብዙ ዓመት አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲተው ሰውነቱ ሊንቀጠቀጥና ሊንዘፈዘፍ፣ እስከ ሞትም ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰው ከመተዉ በፊት ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሐኪም ያማክር። ሱስ በሽታም ነውና ሐኪም መፈለግ አያሳፍርም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በየመንደራችን ዕቁብ አለ። 20 ሰዎች በየሳምንቱ 100 ብር ቢጥሉ 2000 ብር ይሆናል፤ ዕጣ የወጣለትም ሁሉንም ይወስዳል። ብዙ ነጋዴዎች ሥራቸውን የጀመሩት በዚህ ነው። መጠጥ የተወ ሰው ዕቁብ ልግባ ሲል ግን አንዳንድ ሰዎች «ገንዘቡን ወስዶ ይጠጣበታል፤ እኛም እንከስራለን» ይላሉ። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም፤ ሰው የደከመበትን ገንዘብ መጠበቁ ይገባዋልና። ነገር ግን በሩን ከመዝጋት የተሻለ መንገድ አለ። ያ ሰው በዕጣ ሳይሆን በስምምነት የመጨረሻውን ተራ ይውሰድ። በየሳምንቱ ይጣል እንጂ አስቀድሞ ምንም አይወስድምና፣ ቢሰናከል እንኳ ማኅበርተኛው አይጐዳም። ተራው ሲደርስም ዋሱ አብሮት ገበያ ወርዶ በገንዘቡ ዕቃ ይግዙበት፤ ብዙ ብር በአንድ ጊዜ በእጁ መግባቱ ፈተና ይሆንበታልና። በ20 ሳምንት ውስጥ ሁለት ነገር ያገኛል፤ የንግድ መነሻና የሰው አመኔታ። እኔ ከሁለቱ የሚበልጠው ሁለተኛው ነው እላለሁ፤ የጠፋ ብር በሥራ ይተካል፣ የጠፋ አመኔታ ግን ሰዎች ካልሰጡት በቀር አይገኝም።

ልጆች ሆይ፤ እናንተ ዕቁብ አትሰበስቡም፤ ነገር ግን ከእናንተም የሚፈለግ ነገር አለ። መጠጥ የተወ ጎረቤት ስታዩ በቀድሞው ስሙ አትጥሩት፤ «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ» ብላችሁ እንደ ሌላው አባት ሰላም በሉት። በደጃፉ የሚሸጠው ነገር ቢኖር እናታችሁ ስትልካችሁ ከእርሱ ግዙ። ከእናንተም አንዱ አድጎ ዕቁብ ሰብሳቢ በሆነ ጊዜ፣ እንዲህ ያለ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ቢጠይቀው ስሙን በመዝገቡ መጨረሻ ይጻፍለት።