የውሻው ታሪክ ከክፍል ይውጣን?

ልጅን ማሳቅ የአጫዋች እንጂ የመምህር ሥራ አይደለም የሚል አሳብ መምህራን በተሰበሰቡበት ሁሉ ይሰማል። አሳቡን የሚያቀርቡት ሰዎች ሰነፎች ወይም ለትምህርት ግድ የሌላቸው ቢሆኑ ኖሮ ዝም ብሎ ማለፍ በተገባ ነበር፤ ነገር ግን አብዛኛዎቹ ትጉሃን፣ ደብተር ሲያርሙ የሚያመሹ፣ የተሰጣቸውን ትምህርት ዓመቱ ሳያልቅ ለመፈጸም የሚጣደፉ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ክርክራችን ከነርሱ ጋር ነው። የክርክሩም ነገር ይህ ነው፤ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ክፍል ላለ ልጅ ስለ አንድ ውሻ ወይም ስለ አንድ በግ የሚናገር፣ በምዕራፍ በምዕራፍ የተከፈለ፣ የሚያስቅ መጽሐፍ በክፍል ሰዓት ቢነበብለት ትምህርት ይባላል ወይስ ጊዜ ማባከን? እኔ ትምህርት ነው እላለሁ፤ ከዚያም አልፌ፣ የንባብ ትምህርት ከዚህ የተሻለ መሣሪያ ያለው አይመስለኝም።

ነገሩ ቀላል አለመሆኑን ለመረዳት በ2002 ዓ. ም. (እ. ኤ. አ. በ2010) በልዩ ልዩ ክልሎችና በልዩ ልዩ የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች የተደረገውን የንባብ ምርመራ ማስታወስ ይበቃል። በዚያ ምርመራ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 ከመቶ ያህሉ ለደረጃቸው ከተዘጋጀው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ ሳይችሉ ቀርተዋል። እነዚህ ልጆች በየቀኑ ተማሪ ቤት የሚመላለሱ፣ ደብተርና እርሳስ የያዙ፣ መምህር ያላቸው ልጆች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የመማሪያ መጻሕፍት ተሻሽለው ታትመዋል፤ መልካም ሥራ ነው። ሆኖም መጽሐፉ ቢሻሻልም ልጁ ሊያነበው የሚጓጓለት ነገር በውስጡ ካላገኘ፣ ፊደል መቁጠሩን እንደ ግብር ከፍሎ ይወጣል እንጂ አንባቢ አይሆንም።

ይህ ችግር በኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። በአሜሪካ አገር በዋሽንግተን ስቴት፣ በያኪማ ከተማ ቤተ መጻሕፍት፣ እ. ኤ. አ. በ1939 ገደማ አንዲት ወጣት የሕፃናትን መጻሕፍት ታድል ነበር። በኋላ ቤቨርሊ ክሊሪ በሚል ስም የታወቁት ደራሲ ይህችው ወጣት ናቸው። ማንበብ የማይወዱ ወንዶች ልጆች እየመጡ፣ እንደ እኛ ያሉ ልጆች የሚገኙበት መጽሐፍ ወዴት ነው ብለው ይጠይቋቸው ነበር። ወይዘሮ ክሊሪ ራሳቸው አንደኛ ክፍል ሳሉ በንባብ ከሁሉ ዝቅ ካሉት ልጆች ጋር ተመድበው የነበሩ ስለሆነ የጥያቄው ትርጉም ገባቸው። መልሱ አሥር ዓመት ያህል ዘግይቶ፣ በ1950 ሄንሪ ሐጊንስ የሚል ርእስ ይዞ ታትሞ ወጣ። ሄንሪ የሚባል ልጅ አንድ ከሲታ ውሻ መንገድ ላይ ያገኛል፤ የጎድን አጥንቱ ተቆጥሮ ስለሚታይ በእንግሊዝኛ የጎድን አጥንትን ከሚያመለክተው ቃል ወስዶ ሪብዚ ብሎ ይሰይመዋል፤ በአውቶቡስ ወደ ቤት ሊወስደው ሲል ውሻ በሣጥን ካልሆነ አይሳፈርም ይባላል፤ ሸሽጎ ቢያስገባውም ውሻው አምልጦ ተሳፋሪውን ያተራምሳል፤ በመጨረሻ ልጁና ውሻው በፖሊስ መኪና ከቤታቸው ይደርሳሉ። ንጉሥ የለበት፣ ጦርነት የለበት፣ ምክርም የለበት። ልጆቹ ግን አነበቡት፤ የልጆቻቸው ልጆችም አነበቡት። ደራሲዋ በ2021 በ104 ዓመታቸው ሲሞቱ፣ ሄንሪና ሪብዚ በፖርትላንድ ከተማ መናፈሻ ውስጥ ሐውልት ከቆመላቸው ከ20 ዓመት በላይ ሆኖ ነበር። ለውሻ ሐውልት ቆመ ብሎ የሚስቅ ቢኖር ይሳቅ፤ በዚያ አገር ማንበብ ስለ አስተማረ ውሻ ነውና ነገሩ ውለታ መክፈል ነው።

 ጆን ኸርሲ የተባሉት ጸሐፊ በ1954 ላይፍ በተባለው መጽሔት ላይ፣ ልጆች በንባብ ወደ ኋላ የሚቀሩት መጻሕፍቱ ስለሚያሰለቹና በውስጣቸው የሚታዩት ልጆች ከመጠን ያለፈ ጨዋዎች ስለሆኑ ነው ብለው ጽፈው ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላም ዶክተር ሱስ በ236 ልዩ ልዩ ቃላት ብቻ የአንዲት ባለ ባርኔጣ ድመት ታሪክ ጽፎ፣ በጥቂት ቃል ልጅን ማሳቅም ማስነበብም እንደሚቻል አሳየ።

አሁን ወደ ቋንቋችን እንመለስ፤ የክርክሬ ዋና ኃይል ከባሕር ማዶ የመጣ ሳይሆን ከአማርኛው ከራሱ የተገኘ ነውና።

አማርኛ በጽሕፈቱ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ አይለይም። ገና የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ የልደት በዓል ነው። አለ የሚለውም እንዲሁ፣ አንዱ ተናገረ፣ ሁለተኛው ይገኛል ማለት ነው። 231ዱን ፊደል አጥንቶ የጨረሰ ልጅ እነዚህን ቃላት መጥራት ይችላል፤ ነገር ግን የትኛውን እንደሚጠራ ፊደሉ አይነግረውም፤ የሚነግረው የነገሩ ሁኔታ ነው። እስቲ ይህን ዐረፍተ ነገር እንመልከት፤ በጉ ዛሬ ይበላል። ላልቶ ሲነበብ በጉ ሣር ያገኛል፤ ጠብቆ ሲነበብ ቤተ ሰቡ ሥጋ ያገኛል። ቀለሙ አንድ ነው፤ ለበጉ ግን ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ይህን ዐረፍተ ነገር በነጠላው ሰሌዳ ላይ ጽፎ ልጆችን ማስነበብ ከንቱ ድካም ነው። በጉን የሚያውቁት፣ ስሙን የሰሙት፣ ትናንት በአጥር ሾልኮ የጎረቤት ጎመን መብላቱን ያነበቡት ከሆነ ግን፣ ልጁ ቃሉን አሳስቶ ባጠበቀው ጊዜ ክፍሉ በሙሉ ይጮኻል፤ አንባቢውም ራሱን በራሱ ያርማል። መምህሩ ቀይ እርሳስ አላነሣም።

ሳቅ ፈተና ነው የምለውም በዚህ ምክንያት ነው። ስድሳ ልጅ በአንድ ክፍል ያስተቀመጠ መምህር እያንዳንዱ የተነበበውን መረዳቱን በምን ያውቃል? ጥያቄ ቢጠይቅ ሁልጊዜ እጃቸውን የሚያነሡት እነዚያው ከፊት ያሉት አምስት ልጆች ናቸው። የሚያስቅ ነገር ሲነበብ ግን ማን በቦታው እንደ ሳቀ፣ ማን ጓደኛውን አይቶ ዘግይቶ እንደ ሳቀ፣ ማን ፈዞ እንደ ቀረ ዓይን ያለው መምህር በአንድ ቅጽበት ያያል። ያ የፈዘዘው ልጅ ነገ በተለይ ሊረዳ የሚገባው ልጅ ነው። ይህን የመሰለ መመርመሪያ ወረቀት አያስፈልገውም፤ ተማሪውም መፈተኑን አያውቅም።

ደግሞ በምዕራፍ የተከፈለ መሆኑ ትልቅ ጥቅም አለው። በመማሪያ መጽሐፋችን አንድ ገጽ ስለ ንብ፣ የሚቀጥለው ስለ ንጽሕና፣ ከዚያ በኋላ ስለ ትራፊክ ሕግ ይናገራል፤ በየገጹ አዳዲስ ቃል ይመጣል፣ አሮጌው ቃል ተመልሶ አይመጣም። በረዥም ታሪክ ውስጥ ግን ያው ልጅ፣ ያው ውሻ፣ ያው አጥር፣ ያቺው የምትቆጣ ጎረቤት በየምዕራፉ ይመላለሳሉ፤ ልጁ ቃላቱን አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ ያገኛቸዋል፤ መጀመሪያ ፊደል በፊደል ያነበበውን ቃል ኋላ በአንድ እይታ ያነሣዋል። የቀድሞዎቹ መምህራን ልጁን በግዕዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ ያንኑ መጽሐፍ ያመላልሱት የነበረው ለምን ይመስለናል? መደጋገም ያለውን ኃይል አሳምረው ያውቁ ነበር። እኛ የነርሱን መደጋገም ትተን፣ በምትኩ ምንም አላመጣንም።

የአባቶችን ስም ከጠራሁ ዘንድ፣ ቁም ነገርና ሳቅ አይገናኙም የሚሉት ወገኖች የአባቶችን ሥርዓት ምስክር አድርገው መጥራታቸውን ልጠይቅ። አለቃ ገብረ ሐና በሕዝብ ዘንድ የታወቁት በቀልዳቸው ነው፤ ነገር ግን በልጃቸው ስም የተክሌ እየተባለ እስከ ዛሬ የሚዘመምበትን አቋቋም ያቆሙ ታላቅ ሊቅም እርሳቸው ናቸው። ቀልዱ ሊቅነታቸውን አልቀነሰውም። ቅኔውስ ቢሆን፣ ሰሙን ሰምቶ ወርቁ በተገለጠለት ጊዜ ተማሪው ፈገግ የሚለው ለምንድን ነው? በአማርኛም ተረት ማሞ ቂሎ የተነገረውን ቃል በቃል እየፈጸመ ሲሳሳት፣ የሚስቀው ልጅ ቃል ሁልጊዜ እንደ ተነገረ እንደማይፈታ እየተማረ ነው። ሥርዓታችን ፊቱን ያጠቈረው ከመቼ ወዲህ እንደሆነ የሚያውቅ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

ከተቃዋሚዎቹ ይልቅ የሚያሠጉኝ ግን አሳቡን የሚደግፉ አንዳንድ ወዳጆቻችን ናቸው። እነዚህ መጽሐፉን ወደ ክፍል ያስገቡና በጥያቄ ይገድሉታል። ውሻው ከአውቶቡሱ ሳይወርድ ንባቡ ይቆምና፣ አውቶቡስ ማለት ምን ማለት ነው፣ በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ያሉትን ግሦች አውጡ፣ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን ይባላል። ልጁ ቶሎ ይገባዋል፤ ይህም እንደ ሌላው ወጥመድ ነው ይላል። ተረቶቻችን እንኳ በታተሙ ጊዜ በየመጨረሻቸው ምክር እንደ ማኅተም ይመታባቸዋል፤ አያት በምድጃ ዳር ሲያወሩ ግን ማኅተም አይመቱም ነበር። ቃል መፍታት የሚገባው ቃሉን አለማወቅ ሳቁን የሚከለክል ሲሆን ነው፤ የቀረው በሰዋስው ሰዓት ይደርሳል።

ውሻን በቤት ማሳደር የባዕድ ልማድ ነው፣ ለልጆቻችን አይስማማም የሚል ክርክርም ሰምቻለሁ። በከፊል እውነት አለበት። በእኛ ዘንድ ውሻ ቤት ይጠብቃል፣ ድመት አይጥ ትይዛለች፤ አልጋ ላይ የሚተኛ የለም። ነገር ግን ይህ መጽሐፉን ከክፍል ለማስወጣት ሳይሆን፣ የራሳችንን ለመጻፍ ምክንያት ሊሆን ይገባዋል። እረኛው ቡሬን ከዳለቻ በጠባዩ ይለያል፤ የከተማው ልጅ ቡቺ ብሎ የሚጠራው ውሻ አለው። ከሁሉም ይልቅ ለበዓል ተገዝቶ ሳምንት ያህል በግቢ የሚታሰረውን በግ አስቡ። አባት ሲገዙ ልጁ አብሮ ሄዷል፤ ገመዱን ይዞ የመጣው እርሱ ነው፤ ሣር የሚያጭድለትም እርሱ ነው፤ በሦስተኛው ቀን ስም አውጥቶለታል። ጾሙ ሊፈታ አራት ቀን ቀርቶታል፤ ልጁ ሥጋ አምሮታል፤ በጉንም ወድዶታል። በዚህ ላይ በጉ ገመድ እየበጠሰ የሚያመልጥ፣ የእናትን ጥጥ የሚበላ፣ ጠያቂ ዘመድ የሚወጋ ቢሆን፣ ይህ አሥር ምዕራፍ አይወጣውምን? ሳቁ ሁሉ ከሥሩ እውነተኛ ጭንቀት አለበት፤ መጨረሻው ምን እንደሚሆን ልጆች ሲከራከሩ ደወሉ ይደወላል። ይህን የሚጽፍ ደራሲ ከመካከላችን መነሣት አለበት፤ እንደ ሌላ ጊዜ ምክር ጨምሮ እንዳያበላሸው ብቻ አደራ።

ክፍተቱን አስቀድሞ ያየ ሰው አለ። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ፣ በመደርደሪያው ላይ በየቋንቋው የተጻፉ የልጆች መጻሕፍት ሲያዩ የአማርኛውን አጡት፤ ኋላም ወደ አገራቸው ተመልሰው እ. ኤ. አ. በ2003 በአዲስ አበባ፣ በሾላ፣ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። የያኪማዋ ወጣትና እርሳቸው በተለያየ ዘመንና አገር ቢሆኑም ያገኙት ያንኑ ባዶ መደርደሪያ ነው።

የመጨረሻው ምክንያት ገንዘብ ነው፤ ለስድሳ ልጅ ስድሳ መጽሐፍ ከየት ይመጣል ይባላል። ለመጀመር አንድ ይበቃል። መምህሩ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከአማርኛው ሰዓት ሩብ ሰዓት ወስዶ፣ ድምፁን ለውሻውም ለተቆጣችውም ጎረቤት እየለወጠ ያንብብ፤ ልጆቹ ቀጥል ሲሉ በዚያው ያቁም። በማግሥቱ አንድ ገጽ በሰሌዳ ጽፎ እነርሱ ያንብቡ። የትምህርት ቢሮዎች ከዚህ በላይ የሚጠየቁት ነገር ቢኖር፣ ተቆጣጣሪ መጥቶ ክፍሉ ሲስቅ ቢያገኘው መምህሩን ወደ ጎን ጠርቶ ከመገሠጹ በፊት፣ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ምዕራፉን እስከ መጨረሻው እንዲሰማ ማዘዝ ነው።