የምርምር ገንዘብና የደንብ ለውጥ

የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2025 ባወጡት ማስታወቂያ፣ ለዩኒቨርሲቲዎች ስለ ሕንፃ፣ ስለ መብራትና ስለ አስተዳደር ሥራ የሚከፈለው ተጨማሪ ወጪ ለራሱ ለምርምሩ ከሚሰጠው ገንዘብ ከመቶ 15 እንዳይበልጥ ወሰኑ። ቀድሞ ግን እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ከመንግሥት ጋራ የተዋዋለው የየራሱ መጠን ነበረው፤ ከመቶ 50 የሚያልፍም ነበር። በቦስተን የሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት ውሳኔውን አገደው።

የምርምር ቤት መብራት ቢጠፋ የብዙ ዓመት ድካም በአንድ ሌሊት ይበላሻልና፣ ነገሩ ቀላል አይደለም። ቢሆንም ተመራማሪው ወሬ ሰምቶ ረዳቶቹን አያሰናብት። አስቀድሞ የውሉን ደብዳቤ ያንብብ፤ የዩኒቨርሲቲውን የገንዘብ ክፍል ይጠይቅ፤ የወጪውንም ደረሰኝ በሚገባ ያኑር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና።